የወሎ ቅኝትና የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ጃዝ

አቶ ሙላቱ አስታጥቄ በብዙ መሣሪያና በብዙ ዓይነት ሙዚቃ የሠሩ የባንድ መሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጅማ ተወልደው በዌልስ፣ በለንደንና በቦስተን ተምረዋል፤ ቫይብራፎን፣ ፒያኖና ከበሮ ይመታሉ፤ ከላቲን ወደ ጃዝ፣ ከጃዝ ወደ አገር ዜማ ይመላለሳሉ። ስለ እርሳቸው የተጻፈው ምስጋና ብዙ ስለሆነ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ኢትዮ ጃዝ ከወሎ ምን ወሰደ፣ ምንስ ተወ? የሚል ነው።

የወሰደው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ከእነዚህም ሁለቱ የወሎን ቦታዎች ስም ይዘዋል። የጃዝ ስምም ግን አሥራ ሁለት ድምፅ ይጠይቃል። ብዙ ድምፅ ከሥር ሲደረደር የቅኝቱ ጠባይ ሊጠፋ ይችላል። አቶ ሙላቱ ይህን አደጋ አውቀው፣ ዘፋኙ የሚይዘውን ዜማ ለትንፋሽ መሣሪያዎች ሰጥተው፣ ስምሙን ከሥሩ በቁጥብነት አኑረውታል። «የከርሞ ሰው»ን የሰማ ሁሉ ይህን ይመሰክራል። እኛም ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው እንላለን።

ምቱን ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒው ዮርክ በወጡት ሁለት የአፍሮ ላቲን ሶል ሸክላዎች ዜማው ወደ ኢትዮጵያ ሲያዘነብል ምቱ የካሪቢያን ነው። በ1972ቱ ሸክላ ላይ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዜማ ይሰማል፤ የሠርጉ ቤት ጭብጨባና እልልታ ግን የለበትም።

ወደ ቆቦ ሜዳና ወደ ራያ ቆላ የወረደ ሰው የዚህን ጉድለት መጠን ይረዳል። በራያ ጨዋታ አውራጁ ሲያወርድ ተቀባዩ ይመልሳል፤ ከበሮው፣ ጭብጨባውና መሬት የሚመታው እግር ከዘፈኑ አይለዩም። እግሩን ነጥለው ዜማውን ብቻ በወረቀት ቢያሰፍሩት የሚቀረው ግማሹ ነው።

አቶ ሙላቱን ለመውቀስ ግን አንቸኩልም። የደራሼን የቀርከሃ ዋሽንት ድምፅ አጥንተዋል፤ በሐርቫርድ በነበሩበት ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2008 በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ የተመሠረተ የኦፔራ ሥራ አሰምተዋል። አንድ ሰው ሁሉን ሊያዳርስ አይችልም። በእኛ ግምት ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ቅኝት ስም ስላለው በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ ባሕር ማዶም ይሻገራል፤ የአካባቢው ምት ግን እንደ ቅኝቱ ተሰይሞና ተለይቶ ለተማሪ ሲቀርብ አናይም።

ስለዚህ ሥራው የሙዚቃ ተማሪዎች ነው። የራያን ምት ከአረጋውያን አፍና እግር እየሰሙ መቅዳት፣ መቁጠር፣ ተጫዋቾቹ በሚጠሩበት ስም መመዝገብ ይገባል። ይህ ከተደረገ በኋላ የሚነሣ የባንድ መሪ ኮንጋ ቢመርጥ እንኳ የሚመርጠው የአገሩን ከበሮ አውቆ ይሆናል።