ዱቄቱና ጠብታው

ብረት የሚይዘውን የሳሌን ሊጋንድ መሥራት ለጀማሪ ደስ የሚል ነው። በጋለ ኢታኖል ውስጥ ሳሊሲልአልዲሃይድ ይሟሟል፣ ኤቲሊንዳያሚን በጠብታ በጠብታ ይጨመርበታል፤ ብዙም ሳይቆይ ደማቅ ቢጫ፣ የሚያብለጨልጭ ስስ ክሪስታል ብልቃጡን ይሞላዋል። ለአንድ ሞል አሚን ሁለት ሞል አልዲሃይድ ይገባል፤ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ኬሚስቱ ሁጎ ሺፍ አሚንና አልዲሃይድ እንዲህ እንደሚዋሃዱ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1864 ነው፤ ውሁዶቹም በስሙ ሺፍ ቤዝ ተብለው ቀሩ።

ጥበብ የሚጠይቀው ሊጋንዱ የሚይዘው ኮባልት ሲገባ ነው። ሙቅ የኮባልት አሲቴት ሙሙት በናይትሮጅን ሥር ሲጨመር መጀመሪያ የሚወርደው ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ነው። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ አጣርቶ ያደርቀዋል። ሙቀቱን በ70 እና በ80 ዲግሪ መካከል ጠብቆ ማማሰሉን የቀጠለ ግን ዝቃጩ ቀስ በቀስ ጥርት ወዳለ የጡብ ቀይ ክሪስታል ሲለወጥ ያያል። ሞለኪዩሉ አንድ ነው፤ በጠጣሩ ውስጥ ያለው አደራደር ግን ይለያያል። ቡናማው ከአየር ኦክስጅን ይስባል፤ ቀዩ ጠጣር እንደሆነ ኦክስጅንን አይነካም። ይህን የኦክስጅን ጠባይ ጃፓናዊው ኬሚስት ትሱማኪ እ.ኤ.አ. በ1938 አሳይቷል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ኬሚስቱ ሜልቪን ካልቪን ኦክስጅን ለማምረት ይረዳሉ ብሎ እነዚህን ውሁዶች አጥንቷል።

ማንነቱን ማረጋገጥ የታወቀ መንገድ አለው። በኢንፍራሬድ 1635 cm⁻¹ አካባቢ የሚታየው የካርቦንና የናይትሮጅን ድርብ ቦንድ (ኢሚን) ኮባልቱን ሲይዝ ዝቅ ይላል። የማግኔት ልኬቱ ደግሞ ያልተጣመረው ኤሌክትሮን አንድ ይሁን ሦስት ይነግረናል።

ከዚያ በኋላ ውሁዱ ባክቴሪያ ይገድል እንደሆነ መፈተን ይመጣል፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ምዕራፍ ነው። ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ዲኤምኤስኦ በተባለ ፈሳሽ እናሟሟዋለን። ቀዩ ዱቄት ዲኤምኤስኦ ውስጥ ሲገባ ግን ኦክስጅን እየሳበ ይጠቁራል፤ ሁለት ኮባልቶች አንድ የኦክስጅን ሞለኪዩል በመካከላቸው ይይዛሉ። ክሎሮፎርም ሲጨመርበት ያው ኦክስጅን አረፋ ሆኖ ይወጣል። ለተማሪ ከማሳያቸው ሙከራዎች ሁሉ ይህን አብልጬ እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በኢንፍራሬድ ያነበብነው ዱቄትና በወረቀት ዲስኩ ላይ የምናንጠባጥበው ጠብታ አንድ ነገር አለመሆናቸውን በዓይን ያሳያል።

ዲስኩ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ወይም ኢ ኮላይ በተዘራበት ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ተቀምጦ በ37 ዲግሪ ያድራል። በማግስቱ በዙሪያው ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይታያል። የውሁዱ ክብ ከሊጋንዱ ሰፍቶ ከተገኘ ማብራሪያው ዝግጁ ነው፤ ብረቱን ሲይዝ ስብ ወዳድነቱ ጨመረ፣ የባክቴሪያውንም ሽፋን በቀላሉ አለፈ ይባላል። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አጋር አብዛኛው ውሃ ነው፤ ስብ ወዳድ ሞለኪዩል በውስጡ ርቆ ለመሄድ ይቸገራል። በሚሊሜትር የምንለካው የመግደል ኃይልንና በአጋር ውስጥ የመጓዝ ችሎታን አንድ ላይ ነው። ሁለቱን ለመለየት ዕድገትን የሚያቆመውን ዝቅተኛ መጠን በፈሳሽ ውስጥ መፈለግ ግድ ነው።

ሌላም ጥያቄ አለ። የኢሚን ቦንድ ውሃ ሲያገኝ ሊፈርስ ይችላል፤ ሲፈርስ የሚወጣው ሳሊሲልአልዲሃይድ ራሱ ባክቴሪያን ይጎዳል። ነፃ የወጣ ኮባልትም እንዲሁ። ሁለት ቻርጅ ያለው ኮባልት ሊጋንዱን ቶሎ ይለዋውጣል፤ ሦስት ቻርጅ ያለው ግን አጥብቆ ይይዛል። የሄርፐስ ቫይረስን ለመከላከል የተሠራው ዶክሶቪር በዚህ ዕውቀት ላይ የቆመ ነው፤ ሺፍ ቤዙ ሦስት ቻርጅ ያለውን ኮባልት እንደያዘ ይቆያል፣ ከላይና ከታች የተቀመጡት ኢሚዳዞሎች ቦታቸውን ለቫይረሱ ፕሮቲን ሂስቲዲን ይለቃሉ። ሠሪዎቹ የትኛው ቦንድ እንደሚፈታ፣ የትኛው እንደሚጸና አስቀድመው ያውቁ ነበር። እኔ የምመኘው ሥራ እንዲህ ያለውን ነው።

ባክቴሪያ መግደል ብቻውን መድኃኒት አያሰኝም። ኮባልት የቫይታሚን ቢ12 እምብርት ቢሆንም ሲበዛ ልብን ይጎዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ በካናዳ ኩቤክ የቢራ አረፋን ለማጽናት የተጨመረ የኮባልት ጨው ብዙ ጠጪዎችን ለልብ ሕመም፣ ከእነሱም አንዳንዶቹን ለሞት ዳርጓል። ስለዚህ በሰው ሕዋስ ላይ ያልተፈተነ ውሁድን ተስፋ ሰጪ መድኃኒት ለማለት አልደፍርም።

በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ልጆች፣ ከውሁዳችሁ ጎን ባዶውን ዲኤምኤስኦ፣ ኮባልት አሲቴቱን፣ ሊጋንዱንና ሳሊሲልአልዲሃይዱን አስቀምጡ፤ ከዲኤምኤስኦው በቀር ሁሉም በእኩል ሞላር መጠን ይሁኑ። ሙሙቱን ሲሟሟና ካደረ በኋላ በዩቪ ስፔክትሮሜትር አንብቡት። ዱቄቱ ቡናማ ይሁን ቀይ፣ ሙሙቱም ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደቆየ ጻፉ። አማካሪዎችም እነዚህ ውጤቶች በሠንጠረዡ ላይ ሳይኖሩ አትፈርሙ።