በራያ ሜዳ ጩኸት ፍለጋ

የሬዲዮ ሞገድ ጣልቃ ገብነት መርማሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ስውር ጣቢያ የሚያድን ሰላይ ቢጤ ነው። ቆቦ ላይ ግን ይህ ሥራዬ ለሰላይነት ሳይሆን ለመስኖ ባለሙያነት ይቀርባል። ሞተሩ መቼ ይነሣል? ወፍጮው በስንት ሰዓት ይዘጋል? ትናንት መብራት የጠፋው ከስንት እስከ ስንት ነው? ይህን የማይጠይቅ ሰው ስፔክትረም አናላይዘር የሚባለውን የሞገድ መለኪያ ተሸክሞ ሜዳውን ሲያካልል ቢውል ትርፉ ድካም ነው።

ከወልድያ ወደ አላማጣ ሲሄዱ ቆቦን የሚያገኙት 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በምሥራቅ ዞብል፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያሻቅበው ሰንሰለት የራያን ሜዳ ከሁለት ወገን ይዘውታል። ለማሽላና ለጤፍ የተመቸ መሬት ነው፤ አቅጣጫ ለሚፈልግ አንቴና ግን ክፉ ነው። የኤፍኤም ሞገድ ተራራ ሲመታ ይመለሳል። አንቴናውን ሳዞር ጠንካራው ምልክት ሰውም መብራትም ከሌለበት የዞብል ገደል የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የተወሰደ አቅጣጫ አላምንም። ጎብዬ ላይ እለካለሁ፣ ሮቢት ላይ እለካለሁ፣ ወደ ዋጃ ወጣ ብዬም እደግማለሁ። መስመሮቹ ካርታው ላይ አንድ ቦታ አልገናኝ ካሉ፣ ከመካከላቸው አንዱን የሰጠኝ ጣቢያው ሳይሆን ተራራው ነው።

አቤቱታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከመካከለኛና ከአጭር ሞገድ አድማጮች ነው፤ ለምሳሌ በ6090 ኪሎኸርዝ የአማራ ሬዲዮን ከለመደ ሽማግሌ። ቡና ቀርቦ ወሬ ሲጀመር፣ «አባባ፣ መቼ መቼ ነው የሚያስቸግርዎት?» እላለሁ። «ውሃ በተለቀቀ ቁጥር ነው ልጄ» ካሉኝ የቀኑ ሥራ ግማሹ አለቀ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የከርሰ ምድር ውሃውን በፓምፕ እየሳቡ ሜዳውን አረንጓዴ አድርገውታል። ፓምፑ ራሱ እምብዛም አይረብሽም። የሚረብሸው የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሳጥን ሲገጠም ነው። ሳጥኑ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ ይቆራርጠዋል፤ ማጣሪያ ከሌለው ከሳጥኑ እስከ ሞተሩ የተዘረጋው ገመድ ሳይታሰብ የማሰራጫ አንቴና ይሆናል። ስክሪኑ ላይ ጩኸቱ እኩል በተራራቁ ጥርሶች እንደ ማበጠሪያ ይታያል።

የመብራት መስመር ጠባዩ ሌላ ነው። የላላ ብሎን ወይም የተሰነጠቀ የምሰሶ ስኒ የእሳት ፍንጣሪ ሲያወጣ፣ የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ጩኸቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይመታል። በየ10 ሚሊ ሰከንዱ የሚመላለስ ምት ካየሁ የሰው ቤት አላንኳኳም፤ ምሰሶ ለምሰሶ እሄዳለሁ። ይህ ጩኸት በደረቁ ወራት ይብሳል። ዝናብ ሲጥል ክፍተቱ በውሃ ይያያዝና ፍንጣሪው ይቆማል፤ የሐምሌ አቤቱታ ከግንቦቱ የሚያንሰው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የበያጅ ቤት ጩኸት ደግሞ ሥርዓት የለውም፤ ሰውየው ምሳ ሲበላ ግን እሱም ምሳ ይበላል።

በጣም የሚገርመኝ ከውጭ የሚላክ ስጦታ ነው። ዘመድ ከአሜሪካ ገመድ አልባ የቤት ስልክ ይልካል። ያ ስልክ እዚያ ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ድረስ ሕጋዊ ነው። በእኛ በኩል ግን እዚያው ቦታ ላይ የሦስተኛው ትውልድ የእጅ ስልኮች ወደ ማማው ይናገራሉ። ማማው በዚያ የቤት ስልክ ጩኸት ሲደነቁር የሰፈሩ ስልክ ሙሉ ኔትወርክ እያሳየ መደወል እምቢ ይላል። እንዲህ ያለ ችግር በብዙ ሀገር የታወቀ ነው።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ራያን ሲያዳርስ መብራትም ስልክም ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያንን ጊዜ የሚያወሩልኝ ሰዎች ባለ ባትሪ ሬዲዮናቸው እንደዚያ ጥርት ብሎ ተሰምቶ እንደማያውቅ በጨዋታ መሐል ያነሣሉ። ሞተር የለ፣ መስመር የለ፣ ቻርጀር የለ። ለመመዘኛ የሚሆን ንጹሕ ልኬት ቢፈለግ እሱ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የሚመኘው ግን የለም።

ሆን ተብሎ የሚደረግ የስርጭት አፈና ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ሰዓት ያከብራል። የፓምፕ ጩኸት ከውሃ ተራ ጋር ይሄዳል፤ አፈና ግን ከፕሮግራሙ ጋር ይጀምራል፣ ከፕሮግራሙ ጋር ያበቃል። በመጋቢት 2002 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአሜሪካ ድምፅን የአማርኛ ስርጭት የዘር ፍጅት ከቀሰቀሰው የሩዋንዳ ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጋር አመሳስለው ለማፈን ዝግጅት መኖሩን በይፋ ተናገሩ። በ2006 ግንቦት ቢቢሲ፣ ዶይቸ ቬለና ፍራንስ 24 በዓረብሳት ሳተላይት ላይ የደረሰው አፈና ምንጭ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ብለው አወገዙ። በ7.1 ሜጋኸርዝ አካባቢ የኤርትራን ሬዲዮ ለመሸፈን ይለቀቅ የነበረው ጩኸት ደግሞ የዓለም አማተር ሬዲዮኞችን ሲያማርር ኖሯል። እንዲህ ያለውን ጩኸት ለማግኘት መርማሪ አያስፈልግም። ሞገድ ጠባቂው ራሱ አፋኝ በነበረበት ሀገር ገበሬን «ሞተርህ ሕግ ይጥሳል» ማለት ግን ይከብዳል፤ እኔን ይከብደኛል።

ሕጉ አለ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሞ የሬዲዮ ስፔክትረምን አስተዳደር ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ማሽላው ውሃ በሚጠማበት ሳምንት ፓምፕ ይዘጋ ብሎ ደብዳቤ መጻፍ ሕግ ማስከበር አይመስለኝም። የምመርጠው ለውሃ ማኅበሩ ሰብሳቢ ገመዱን ማሳጠር፣ ምድር ማሰሪያውን ማጥበቅና ማጣሪያ መግጠም እንደሚረዳ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃሉ። ማጣሪያው ጋ ስንደርስ ወጪውን ማን ይችላል የሚለው ይመጣል። ሰብሳቢው ሳጥኑን በደረሰኝ ከሱቅ ገዝተናል ይላል፣ እውነቱን ነው። ነጋዴው ቀረጥ ከፍዬ አስገብቻለሁ ይላል፣ እሱም እውነቱን ነው። ቆቦ ላይ ሁሉም እውነት ስለሚናገር የሚቀጣ ሰው አላገኝም። ልኬቱ መደረግ የነበረበት ዕቃው ኮምቦልቻ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ገና በካርቶን እያለ ነው፤ አለቆቼን የምወተውተውም አንድ አናላይዘርና አንድ ባለሙያ እዚያ እንዲመደብ ነው።