የባንድ መሪ ዕድሜ፦ ነርሲስ ናልባንዲያን ከባሌ ደጋ ሲታዩ

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው የድምፃውያን ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠን፣ ብዙነሽ በቀለን፣ ማሕሙድ አህመድን፣ ሂሩት በቀለን የማያውቅ የለም። ከኋላቸው ትራምፔትና ሳክስፎን ይዘው የቆሙትን ሰዎች ግን ከሙያው ሰው በቀር በስም የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። እነዚያን ነፊዎች ኖታ ያስነበበውን፣ ድምፃቸውን ያስማማውን፣ ለእያንዳንዳቸው የየድርሻቸውን ወረቀት እየጻፈ ያደለውን መምህር ደግሞ ጨርሰን ረስተነዋል። ይህ ዳሰሳ ከእነዚህ መምህራን የአንዱን፣ የነርሲስ ናልባንዲያንን፣ የሙያ ዘመን ይመለከታል። የምጽፈው ከባሌዋ ሮቤ ነው፤ ከአዲስ አበባ መድረኮች ርቆ ማየቱ ለጉዳዩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የባንድ መሪ የሚመዘነው እሱ ባለፈ ማግስት ሥራውን አንሥቶ የሚቀጥል ሰው በመኖሩ ነው። የአገራችን ባንዶች ታሪክ በዚህ ሚዛን ሲታይ የሚያኮራም የሚያሳዝንም ነገር አለው።

መነሻው የዐድዋ ማግስት ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ልከው፣ የመጀመሪያዎቹ የቤተ መንግሥት ነፊዎች በእነዚያ መሣሪያዎች ሠለጠኑ። ራስ ተፈሪ መኮንን ደግሞ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ፣ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመን ገዳም የተጠለሉ ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ እ.ኤ.አ. በ1915 ከጀመረው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን ጽፈውለት እስከ አብዮቱ ድረስ ብሔራዊ መዝሙር ሆኖ የኖረውን ዜማ የደረሱት እኚሁ ሰው ናቸው። መዝሙሩ በየትምህርት ቤቱና በየጦር ሰፈሩ ሲዘመር የኖረ ነውና፣ በባሌ ከተሞች በጎባም በጊኒርም የኬቮርክን ሥራ ሳይሰማ ያደገ የዚያ ዘመን ተማሪ አይገኝም።

ነርሲስ የኬቮርክ የወንድም ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 በአይንታብ ተወልደው ሐለብ ውስጥ አደጉ። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.)፣ አገሩ በጣሊያን እጅ ሳለ ነው። ከነፃነት በኋላ ከተማው ባንዶቹን እንደገና ሲያቆም በብዙዎቹ ውስጥ የሳቸው እጅ ነበረበት፤ በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የ25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር። እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪሞቱ ድረስ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በማስተማር፣ በማቀናበርና በመምራት አሳለፉ።

እነዚያ ዓመታት በምን ሥራ እንዳለፉ ካልተረዳን የሕይወት ታሪካቸው የመሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ብቻ ይሆንብናል። ቢ ፍላት ትራምፔት በኖታ «ዶ» ተጽፎለት ሲነፋ የሚሰማው ድምፅ ከተጻፈው አንድ ሙሉ እርከን ይወርዳል። ኢ ፍላት የሆነው አልቶ ሳክስፎን ከዚያም ወርዶ ይሰማል፤ ትሮምቦን ግን እንደተጻፈለት ይሰማል። ስለዚህ አንድን ዜማ ለአሥራ አምስት ሰው የሚያቀናብር መምህር ወረቀቱን በየመሣሪያው ቁልፍ እያዛወረ በእጁ መጻፍ አለበት። ዘፋኙ ለድምፁ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲልለት ከፈለገ ሁሉም ወረቀት እንደ አዲስ ይጻፋል። ማባዣ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይህ የሌሊት ሥራ ነበር። በመድረክ ላይ በሦስት ደቂቃ ለሚያልቅ ዘፈን ከበስተኋላው ምን ያህል ድካም እንዳለ አድማጩ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። የታሪክ ጸሐፊ ግን ማወቅ አለበት።

ከዚህ የሚከብደው የቅኝት ነገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት አምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አዝማሪ ቤት ሲገባ ማሲንቆው ዘፋኙን ተከትሎ ያንኑ ዜማ በራሱ አካሄድ ይጫወታል እንጂ ሌላ ድምፅ ደርቦ አይቆምም። የአውሮፓ ባንድ አሠራር ደግሞ እያንዳንዱ መሣሪያ የተለያየ ድምፅ ይዞ አንድ ላይ እንዲስማማ ይጠይቃል። በሰባት ድምፅ እርከን ላይ የተሠራውን የስምምነት ሕግ ወስዶ በአንቺ ሆዬ ላይ የጫነ ሰው ቅኝቱን ያፈርሰዋል፤ ምንም ያልደረበ ደግሞ አሥራ አምስት ሰው አስቀምጦ የአንድ ሰው ሥራ ያሠራል። በዚያ ዘመን የተገኘው መፍትሔ ዛሬ ወርቃማ የምንለው ድምፅ ነው፤ ነፊዎቹ ዘፋኙ ሲያርፍ በአንድነት ይመልሱለታል፣ ሲዘፍን ወደ ኋላ ይላሉ፣ ከሥር ያለው ቤዝ ቅኝቱን ሳይለቅ ይመላለሳል። ይህን መልክ ነርሲስ ብቻቸውን ፈጠሩት አልልም። በክቡር ዘበኛ ባንድ እነ ሳህሌ ደጋጎ በዚያው ጥያቄ ላይ ይሠሩ ነበር። ይሁንና ነርሲስ በአንዱ ቤት ያገኙትን መልስ ወደ ሌላው ይዘው ይሄዱ ስለነበር፣ ለየብቻቸው ይሠሩ የነበሩ ባንዶች በሳቸው በኩል ይማማሩ ነበር። የሙያ ዘመናቸው ትልቁ ፋይዳ ይህ ይመስለኛል።

ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ሥራቸው በአንድ ቤት ተጠራቅሞ፣ ተመዝግቦ፣ ለተተኪ የሚረከብ ሥርዓት አላገኘም። ባንዶቹ የጦሩ፣ የፖሊሱ፣ የቤተ መንግሥቱ ነበሩ። ባለቤታቸው ሲናወጥ እነሱም ይናወጣሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች መከራ ደረሰባቸው፤ ጥላሁን ገሠሠም ታስሯል። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የቴአትሩ ስምም መዝሙሩም ተለወጡ። ነርሲስ ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ቅንብሮቻቸውን ከወረቀት አንሥቶ የተጫወተው፣ መቀመጫውን በቦስተን ያደረገው በረስ ገርሾን የሚመራው ኢዘር ኦርኬስትራ ነው። ይህን ሳስብ ደስታዬ ሙሉ አይሆንልኝም። ወረቀቱ መትረፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ያነበቡት ግን እሳቸው ያስተማሯቸው ልጆች ልጆች ቢሆኑ ደግ ነበር።

ሥራን ለተተኪ የሚያስረክብ ቤት ሲፈለግ ዩኒቨርሲቲ እዚህ ላይ ይገባል። በአሜሪካ የጥቁሮች ኮሌጆች ውስጥ በረጅም አገልግሎት የሚጠሩት የማርሽ ባንድ መሪ ዊልያም ፎስተር ናቸው። ከካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ አጥንተው ኦርኬስትራ መምራት ሲመኙ፣ ለጥቁር ሰው እንዲህ ያለ ሥራ እንደሌለ ተነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1946 ታላሃሲ በሚገኘው የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ባንድ ተቀጥረው እስከ 1998 ድረስ መሩት። ያ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1989 የፈረንሳይ አብዮት 200ኛ ዓመት ፓሪስ ውስጥ ሲከበር አሜሪካን ወክሎ ተሰልፏል። እኔን የሚገርመኝ ግን የፓሪሱ ሰልፍ ሳይሆን 52ቱ ዓመት ነው። የተማሪ ባንድ በአራት ዓመት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል፤ በየዓመቱ ከነፊዎቹ ሩቡ ያህል ተመርቆ ይሄዳል፣ እርምጃ የማያውቅ አዲስ ልጅ ይተካል። የማይለወጠው መሪው ብቻ ነው። ስለዚህ ባንዱ የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ በመሪው ጭንቅላት፣ በኖታ መዝገቡና ታላላቆች ለታናናሾች በሚያወርሱት ልማድ ውስጥ ይኖራል።

የሚወረሰው ሁሉ ግን መልካም አይደለም። ፎስተር ጡረታ ከወጡ ከ13 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ የዚያ ባንድ አባል የሆነ ተማሪ በጓደኞቹ የ«አቀባበል» ድብደባ ሞተ። ባንዱ ታግዶ ቆየ፣ መሪውም ሥራቸውን ለቀቁ። ረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ሲወረስ ጭካኔም አብሮ ሊወረስ ይችላል። ማርሽ ባንድን ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚመኝ ሰው ይህን ዘልሎ ስለ ደንብ ልብሱ ብቻ ማውራት አይገባውም።

ኢትዮጵያዊ አንባቢን የሚመለከት አንድ ነገር ፎስተር በሠሩባት ከተማ አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ፣ የኋለኛ ዘመናቸውን ያሳለፉት ታላሃሲ ውስጥ በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ከተማ ሙዚቃ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ፎስተር ጡረታ በወጡበት በ1998 አሸናፊ እዚያው አረፉ። አንደኛው የተረከቡትን ባንድ ግማሽ ምዕተ ዓመት የመምራት ዕድል አገኙ፤ ሌላኛው የመሠረቱትን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ትተው ሄዱ። በአሸናፊ ችሎታ ጉድለት አልነበረም።

ወደ ባሌ እንመለስ። በባሌ የሰልፍ ሙዚቃ አዲስ ነገር አይደለም። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰው እንደሆኑ የሚነገርላቸውን ሼክ ሁሴንን ለመዘየር ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከወሎም ሳይቀር ሰዎች በእግር ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ይመጣሉ። ጫፉ መንታ የሆነውን «ኡሌ» የተባለ በትር ይዘው፣ «ባህሮ» የተባለውን ውዳሴ እያዜሙ ይጓዛሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው በጭብጨባ ይቀበላል። አውጪው ዜማውን ያስረዝማል፣ ያሳጥራል፣ የሰውን ድካም አይቶ ያፈጥናል ወይም ያዘገያል። ይህ የመሪነት ጥበብ ነው፤ ያለ ኖታ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ሹመት ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ብዙ መንግሥታትን አሳልፏል። የአዲስ አበባ ባንዶች የተሳናቸውን ቅብብሎሽ እግረኛ ተጓዦች ችለውታል። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። ባህሮ የሚያዜመው ሰው አድማጭ ሆኖ አይጀምርም፤ ከመጀመሪያው ቀን ተቀባይ ነው፣ ከተቀባዮችም መካከል ቀጣዩ አውጪ ይወጣል። ባንዶቹ ግን ሕዝቡን አድማጭ አድርገው አስቀመጡት።

መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ጎባም ላይ የሕክምና ካምፓስ አለው። ከሲናና፣ ከአጋርፋ፣ ከዲንሾ የሚመጣ ተማሪ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ከመጣው ጋር አንድ ግቢ ይውላል። እንዲህ ባለ ግቢ ማርሽ ባንድ ቢቋቋም መሣሪያ መግዛቱ ቀላሉ ነገር ነው። የሚከብደው ለአንድ የሙዚቃ መምህር ሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያቆይ መደብ፣ የኖታ መዝገብ ቤትና ረዳት መስጠት ነው። ለምረቃ በዓል ብቻ ተጠርቶ የሚነፋና በማግስቱ የሚበተን ባንድ የነርሲስን ድካም ከነድክመቱ ይደግማል።

ያ መምህር የአካባቢውን ዜማ ለነሐስ ሲያቀናብር ነርሲስ የገጠማቸው ጥያቄ ይገጥመዋል። የአውጪው ዜማ በእኩል ምት ተለክቶ በመስመር ሊታጠር አይወድም። እኔ ብሆን አውጪውን በሰው ድምፅ ትቼ ነሐሶቹን ለተቀባዩ ድርሻ ብቻ እሰጥ ነበር፤ ያም በአንድነት፣ ምንም ሳይደረብበት። ባህሮ ግን ጸሎት ነው። ለስታዲየም መውጣት ይገባው እንደሆነ የሚወስኑት የድሬ ሰዎች ናቸው፤ አይሆንም ካሉ የሠርግና የፈረስ ጉግስ ዘፈን በባሌ ደጋ ሞልቷል፤ ከዚያ መጀመር ይቻላል።