ስለ መንዝ ቡዳ የተጻፈው ጽሑፍና የተሸሸጉት የሔዋን ልጆች

ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ የባሕል ተመራማሪ የመንዝን ሰው ኑሮ አጥንቶ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1974 ዓመት «ኢትኖሎጂ» በሚባል መጽሔት ስለ ቡዳ አንድ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ከታተመ ዘመኑ ቢርቅም ነገሩ የአገራችን ነገር ነውና፥ በሞላሌ ገበያ ጋንና ምጣድ የገዛ፥ ማረሻም ያሠራ ሰው ሁሉ ሊመረምረው ይገባል።

ጸሐፊው በመንዝ የሰማውን ተረት እንዲህ ይነግረናል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳይኝ ቢላት ፈርታ አሥራ አምስቱን ሸሸገች። እርሱም የታዩትን መረጠ፥ የተሸሸጉትን ረገመ፤ ቡዳ የሚባለውም ከእነዚህ ዘር ወጣ ይባላል። ርኩስ መንፈስ አድሮበታል፥ ሌሊትም ጅብ ይሆናል ተብሎ በዚህ ስም የሚጠራው ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ ናቸው።

የጽሑፉ ብልጫ ይህን ፍርሃት ከሰው ቅናትና ከማዕረግ ፉክክር ጋራ ማያያዙ ነው፤ ፍርዱም እውነት ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ በመንዝ ስለ ርስት የሚሟገተው ዘመድ ከዘመዱ ጋራ ነበር። ወንድሙን የሚፈራ ሰው ግን ልጁ በታመመ ጊዜ «በላብኝ» የሚለው ወንድሙን ሳይሆን፥ ብዙ ጊዜ ርስት ያልነበረውን ባለ እጅ ነው።

ዳሩ ግን ጽሑፉ አብልጦ የሚመረምረው የፈሪውን ልብ ነው፤ የክፉውን ስም ሸክም የተሸከመችው የሸክላ ሠሪ ድምፅ ከሩቅ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቅኔ የተማረ አንባቢ ተረቱን ራሱን እንደ ሰምና ወርቅ ይፍታው። ሰሙ፥ ቡዳ የተረገመ ዘር ነው የሚል ነው። ወርቁ ግን ተራኪው ሳያውቀው በሰሙ ውስጥ ተቀምጧል፤ ይኸውም የታዩትም የተሸሸጉትም የአንዲት እናት ልጆች መሆናቸው ነው። የሸሸገችው እናት ናት እንጂ የተሸሸገው ሕፃን ምን በደለ? ተረቱን የሚተርክ ሁሉ ወንድሙን መካዱን በገዛ አፉ ይመሰክራል።

መጻሕፍትም ይህን ተረት አያውቁትም። ኦሪት ዘፍጥረት አዳም ወንዶችና ሴቶች ልጆችን እንደ ወለደ ይናገራል እንጂ ስለ ተሸሸጉ አሥራ አምስት አይናገርም። ኦሪት ዘጸአት ደግሞ ባስልኤል ወርቁን፥ ብሩንና ናሱን ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ መላበት ይመሰክራል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር።

ታዲያ አዋጁም መጽሐፉም ሳለ ፍርሃቱ ስለ ምን ቆየ? ከእኛ ከካህናቱና ከደብተሮቹ ወገን ያለው ጥፋት ጥቂት አይደለም። በመስቀል እንባርካለን፤ መስቀሉን የሠራው እጅ የማን እንደ ሆነ ግን አንጠይቅም። ለቡዳ ክታብ ጽፎ ዋጋ የሚቀበልም፥ ፍርሃቱ ቢጠፋ ገበያው ይጠፋበታልና፥ ሕዝቡን «አትፍሩ» ብሎ ሊያስተምር አይችልም።

እኔም በቆሎ ተማሪነቴ አኮፋዳዬን ይዤ ስለምን፥ የአንዲት ሸክላ ሠሪ ደጅ እየዘለልሁ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ራሷ ተከትላ ቁራሽ ብትሰጠኝ፥ ተቀብዬ ከመንገድ ዳር ጣልሁት። ያን ሌሊት በረኃብ አደርሁ፤ ማን ማንን እንደ በላ ዛሬ አውቃለሁ።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። ጽሑፉ የፍርሃታችንን ሥር በቅንነት አሳይቷልና በአብነት ትምህርት ቤት ሳይቀር በአማርኛ ቢነበብ መልካም ነው። በሚነበብበትም ቀን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከሰሚዎቹ መካከል ትቀመጥ፤ ከንባቡም በኋላ የምትለው ይሰማ።