ኩንታ ኪንቴ የማን ቅድመ አያት ነው?

አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያሉ ወደ ላይ መቁጠር ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ግን ቆጠራው አንድ ወደብ ላይ ደርሶ ቢቋረጥስ? ያ ሰው ወዶ ያልተሰደደ፣ በሰንሰለት ታስሮ የተጫነ ቢሆንስ? አሜሪካዊው አሌክስ ሄይሊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው «ሩትስ» («ሥሮች») የተነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው። መጽሐፉ በ1977 የፑሊትዘር ልዩ ሽልማት አገኘ፤ በቴሌቪዥንም ስምንት ምሽት በተከታታይ ታይቶ አገር አነጋገረ።

ሄይሊ በቴነሲ፣ ሄኒንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ሳለ ሴት አያቱና እህቶቻቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ስለ አንድ «አፍሪካዊ» ያወጋሉ። ለከበሮ የሚሆን እንጨት ሊቆርጥ ወጥቶ የተያዘ፣ ወንዝን «ካምቢ ቦሎንጎ» የሚል፣ ጌቶቹ «ቶቢ» ሲሉት ስሜ ኪንቴ ነው ብሎ የሚሟገት ሰው ነው። የታሪክ ምሁሩ ያን ቫንሲና ቃሉ የማንዲንካ፣ ወንዙም የጋምቢያ ሳይሆን እንደማይቀር ነገረው። ሄይሊ ጋምቢያ ሄዶ ጁፉሬ መንደር ገባ። እዚያም አንድ ሽማግሌ የኪንቴን ዘር ሲቆጥሩ፣ እንጨት ሊቆርጥ ወጥቶ የቀረውን ኩንታን ጠሩለት። ከዚያ መዝገብ አገላብጦ «ሎርድ ሊጎኒየር» የተባለችውን መርከብ አገኘ፤ በ1767 98 ባሪያዎች ይዛ አናፖሊስ የደረሰች መርከብ ናት።

ሁሉም ነገር ገጠመ። እንዲያውም ከልክ በላይ ገጠመ። በ1977 የለንደኑ ሰንደይ ታይምስ ጋዜጠኛ ማርክ ኦታዌይ የሽማግሌውን ምስክርነት ተጠራጠረ፤ ሄይሊ የቤተሰቡን ታሪክ ለጋምቢያ ሰዎች አስቀድሞ ነግሯቸው ነበርና። በ1981 ደግሞ ጌሪና ኤልዛቤት ሚልስ የቨርጂኒያን ሰነዶች መርምረው፣ ቶቢ የተባለው ባሪያ መርከቧ ከመድረሷ በፊት በዋለር ቤተሰብ እጅ እንደነበረ አሳዩ። በዚያ ላይ ሄይሊ ከሃሮልድ ኩርላንደር ልብ-ወለድ ምንባብ ወስደሃል ተብሎ ተከሶ፣ በ1978 650 ሺህ ዶላር ከፍሎ ታርቋል።

«ልብ-ወለድ አይደል እንዴ፣ ምን አጨቃጨቀን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ደራሲው ራሱ እውነትና ፈጠራ የተደባለቀበት ነው ብሏል። ይሁንና በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች «እኔ» ብሎ ብቅ ይልና ፍለጋውን እንደ ምስክር ይተርክልናል። ምስክር ነኝ ያለ ሰው እንደ ምስክር ይመረመራል።

በእኔ አስተያየት ግን የታሪኩ ጉድለት የድርሰቱም ጉድለት ነው። የሄይሊ ጁፉሬ ከዓለም የራቀች ገነት ናት። እውነተኛዋ ጁፉሬ በወንዙ ደሴት ላይ ካለው የእንግሊዞች ጄምስ ምሽግ አጠገብ ያለች የንግድ ሰፈር ነበረች፤ ነጭ ነጋዴ ለነዋሪዎቿ ብርቅ አልነበረም። በእንዲህ ያለ ሰፈር ያደገ ልጅ ምን ያያል? ማንን ይጠረጥራል? ይህን ብናነብ ኖሮ ኩንታ የበለጠ ሰው ይሆን ነበር። በአንጻሩ የመርከቧ ምዕራፎች፣ ጨለማው፣ ግማቱ፣ እስረኞቹ በሹክሹክታ ሲፈላለጉ፣ የመጽሐፉ ጉልበት ናቸው። እዚያ ሄይሊ ማንም እንዲመሰክርለት አይለምንም።

ታዲያ ምን ይሻል ነበር? ክፍተቱን ክፍት መተው። ክፍተቱ እኮ ሰው ሠራሽ ነው። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በ1850ና በ1860 ባሪያዎችን ዕድሜያቸውን፣ ጾታቸውንና የቆዳ ቀለማቸውን እንጂ ስማቸውን አልመዘገበም። አብዛኞቹ በቆጠራ መዝገብ ስማቸው የተጻፈው በ1870 ነው። ያን ባዶ መስመር ባልተረጋገጠ ስም መሙላት ቤተሰብን ያጽናናል፤ ስሙን የፋቀውን ሥርዓት ግን ከተጠያቂነት ያወጣዋል።

ትምህርቱ ለእኛም ነው። ተረትና የዘር ታሪክ ልንሰበስብ ገጠር ወርደን «አባባ፣ እንዲህ ነበር አይደል?» ብለን ከጠየቅን፣ «አዎን ልጄ» ይሉናል፤ እንግዳን ማሳፈር ነውር ነውና። መጠየቅ ያለብን «እንዴት ነበር?» ብለን ነው።

ጋምቢያ በ2011 የጄምስን ደሴት በኩንታ ኪንቴ ስም ሰይማለች። የሄይሊ ቅድመ አያት ለመሆኑ ማስረጃው አልጸናም። ስማቸው ሳይጻፍ ለተሸጡት ሁሉ መጠሪያ መሆኑን ግን ማንም አይነፍገውም። «ሩትስ»ን በዚህ ዓይን እናንብበው።