ማዕበሉን ከወንበሩ ማየት

ሥዕል ለማሰቀል የሚጠራኝ ሰው መጀመሪያ የሚያሳየኝ ግድግዳውን ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው "የት ነው የምትቀመጡት?" ብዬ ነው። የአበባ ሥዕል የትም ቢሰቀል ብዙ አያስቸግርም። ማዕበል ግን የሚመጣበት ወገን አለው፣ የሚወድቅበት ቦታ አለው፣ ከሥሩም የሚቀመጥ ሰው አለ።

አብዛኛው ደንበኛዬ ይዞ የሚመጣው የጃፓናዊውን የሆኩሳይን "ታላቁ ማዕበል" ነው፤ ያውም ከሶፋው እኩል ተለጥጦ ካንቫስ ላይ ታትሞ። እ.ኤ.አ. በ1831 ገደማ በእንጨት ማተሚያ ወረቀት ላይ የታተመው ዋናው ሥዕል ግን ቁመቱ ወደ 26፣ ወርዱ ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ነው። ከኤ3 ወረቀት ያንሳል። ቀረብ ተብሎ እንዲታይ የተሠራ ነገር ሁለት ሜትር ሲሆን፣ የአረፋው ጥፍሮች ይወፍራሉ፣ ፀጉር የምታክለው መስመር ገመድ ታክላለች። በልኩ አሳትሙት፣ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ካርቶን ይግባለት፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚቀመጥበት ወንበር አጠገብ ይሰቀል እላለሁ። የሠዓሊው የአይቫዞቭስኪ "ዘጠነኛው ማዕበል" ተቃራኒው ነው። በ1850 የተሳለው ይህ ሸራ፣ ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሩሲያ ሙዚየም ያለው፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ወርዱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ሰዉ ደግሞ እሱን በደብተር ልክ አሳትሞ ኮሪደር ላይ ይሰቅለዋል። መርከባቸው ተሰብሮ ምሰሶው ላይ የተጣበቁት ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም።

ወደ ሆኩሳይ ልመለስ። ጃፓኖቹ ከቀኝ ወደ ግራ ያነቡ ስለነበር ዓይናቸው ከጀልባዎቹ ጋር ይገባና ማዕበሉን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። እኛ ከግራ ስለምንጀምር ከማዕበሉ ጋር አብረን እንወርዳለን። ለዚህ ነው በሩ ከሥዕሉ በስተቀኝ የሚሆንበትን ግድግዳ የምመርጠው፤ የሚገባው ሰው በጀልባዎቹ በኩል ይመጣል። ቴሌቪዥኑ በወዲያ በኩል ነው ብሎ "ገልብጠህ አሳትምልኝ" የሚል አለ። በላይኛው ግራ ጥግ ርዕሱና የሠዓሊው ፊርማ ስላለ ጽሑፉም አብሮ ይገለበጣል። እንዲህ ያለውን ሥራ አልቀበልም።

ጀልባዎቹ ሦስት ናቸው፤ ትኩስ ዓሣ ለኤዶ፣ ለዛሬዋ ቶኪዮ፣ ገበያ የሚያደርሱ ፈጣን ጀልባዎች። ቀዛፊዎቹ ወደ ፊት ተደፍተዋል። ይህን ሥዕል ቲሸርት ላይ ስንት ጊዜ ያየ ሰው ቀዛፊዎቹን አላያቸውም። አንዲት ደንበኛዬ ሰቅዬላት ስጨርስ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና አየቻቸው። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው እንዴ?" አለችኝ። ወንድሟ በሊቢያ በኩል ባሕሩን አቋርጦ ነው አውሮፓ የገባው። "እኔ ወድጄዋለሁ" አለች፣ "ግን እዚህ የምትቀመጠው እማዬ ናት።" አውርጄ መኝታ ቤቷ ሰቀልኩላት። ለሳሎኑ ከሠዓሊው ከኩርቤ ማዕበሎች መረጥን። ኩርቤ በ1869 ኖርማንዲ ውስጥ ኤትሬታ ላይ ካየው ባሕር ተነስቶ ከሳላቸው ማዕበሎች መካከል ባሕርና ሰማይ ብቻ ያለባቸው አሉ። ውሃው ሰማያዊ አይደለም፣ አረንጓዴና ቡናማ ነው፤ ከእንጨት ዕቃ ጋር ደግሞ ይስማማል። ደንበኞች ግን መጀመሪያ ሲያዩት "ደፍርሷል" ይላሉ።

አምፖሉንም ቀና ብዬ ሳላይ አልወጣም። ሆኩሳይ የተጠቀመበት የፕሩሺያ ሰማያዊ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ላይ ተገኝቶ በንግድ ጃፓን የደረሰ ቀለም ነው። የታተመ ቅጂውም ቢሆን በጣም ቢጫ በሆነ አምፖል ሥር ይጠቁራል፣ አረፋው ይደበዝዛል። በጣም ነጭ የሆነው አምፖል ደግሞ ክፍሉን የሐኪም ቤት ያስመስለዋል። መካከለኛውን ፈልጉ።

መስታወት የሌለው ካንቫስ ቡና በሚፈላበት ጥግ አይሰቀል። የዕጣኑ ጭስ አስቀድሞ የሚይዘው የአረፋውን ነጭ ነው፤ ሲወለወል ደግሞ ሌላው ቀለም አብሮ ይነሳል። መስታወት ይግባ ካልን ግን መስኮቱ ከፊት ለፊት መሆን የለበትም፤ አለዚያ ከወንበሩ የሚታየው መጋረጃው ነው።

አሰቃቀሉን በተመለከተ፣ አንድ ሚስማር ለማዕበል አይበቃም። በር በተዘጋ ቁጥር ፍሬሙ ትንሽ ትንሽ ይዞራል። ሌላ ሥዕል ላይ አይታወቅም፣ የባሕሩ መስመር ሲያዘም ግን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያየዋል። ሁለት ፊሸር እመታለሁ፣ ውሃ ልክም አደርጋለሁ። ውሃ ልኩ የሚያርፈው ፍሬሙ ላይ ሳይሆን ሥዕሉ ውስጥ ባለው የባሕር መስመር ትይዩ ነው፤ ማተሚያ ቤት አጣሞ የቆረጠው ወረቀት ብርቅ አይደለምና። ብሎኬቱ ባዶ ሆኖ ፊሸሩ ከተሽከረከረ ሥዕሉን ዝቅ አደርገዋለሁ እንጂ ከፍ አላደርገውም። ቤት ውስጥ ሰው ከመቆም ይልቅ ተቀምጦ ነው የሚውለው።