የሳንደርኮ አንድ ደቂቃ

በአብዛኞቹ የጀማሪ ጊታር መጻሕፍት ኤ ኮርድ የሚያዘው ሦስት ጣቶችን ሁለተኛው ፍሬት ላይ በተርታ በመደርደር ነው፤ ጠቋሚ ጣት አራተኛው ክር ላይ፣ መሐል ጣት ሦስተኛው ላይ፣ የቀለበት ጣት ሁለተኛው ላይ። የኢንተርኔት የጊታር መምህሩ ጀስቲን ሳንደርኮ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያቀያይራቸዋል። ጠቋሚውን ሦስተኛው ክር ላይ ያሳርፍና መሐል ጣትን ወደ አራተኛው ያሻግራል። ለጀማሪ ያለ ምክንያት ማወሳሰብ ይመስላል። ነገሩ የሚገባው ወደ ዲ ኮርድ መሻገር ሲመጣ ነው፤ ጠቋሚ ጣት እዚያው ክር፣ እዚያው ፍሬት ላይ እንዳለ ይቀራል፣ የሚነሡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ቀጥሎ በሚመጣው ኢ ኮርድ ላይም ያው ጣት ከክሩ ሳይነሣ አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሦስቱም ኮርዶች በአንድ ጣት ተያያዙ ማለት ነው።

“ጀስቲን ጊታር” የተሰኘውን የኢንተርኔት ትምህርት ከሌሎቹ የሚለየው እንዲህ ያለው ስሌት ነው። ቪዲዮዎቹ ከአቻዎቻቸው የበለጠ ያማሩ አይደሉም። ሰውየው ወሬ ይወዳል፤ አንዳንዴ ወደ ፍሬ ነገሩ እስኪገባ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ብልጫው ያለው ተማሪው ስልኩን አስቀምጦ ከጊታሩ ጋር ብቻውን ሲቀር ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ በማሰቡ ላይ ነው። ይህን ያሰቡ የዩቲዩብ መምህራን ጥቂት ናቸው።

ሳንደርኮ የአውስትራሊያዋ ደሴት የታዝማኒያ ልጅ ነው፤ ሙያውን ያደላደለው ግን ለንደን ላይ ነው። ከዘፋኟ ኬቲ ሜሉዋ ባንድ ጋርም ጊታር ተጫውቷል። ድረ ገጹን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር፤ ያኔ ዩቲዩብ የሚባል ነገር አልነበረም። ቪዲዮዎቹ የመጡት ከ2006 ወዲህ ነው። ትምህርቱ ዛሬም ቪዲዮ ላይ ብቻ ያልተንጠለጠለው ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ዋናው የጀማሪዎች ኮርስ በነጻ ነው፤ የቻለ በፈቃዱ ይለግሳል። መጻሕፍቱ፣ የስልክ መተግበሪያውና አንዳንድ ተጨማሪ ኮርሶች ግን ይሸጣሉ። ገንዘብ የሌለው ሰው ምንም ቀረበት ብዬ አላምንም።

የአንደኛው ደረጃ አቀማመጥ ቀላል ነው። ትምህርቱ በክፍል በክፍል ተከፍሎ፣ በኤና በዲ ተጀምሮ፣ ኢ ይጨመርና ቀስ በቀስ ስምንት ክፍት ኮርዶች ይሞላሉ፤ ሲና ጂ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። በየክፍሉ ጥቂት አጫጭር ትምህርቶች፣ ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ የልምምድ መርሐ ግብር አለ። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህን የመጨረሻውን ነው። በእኔ ግምት ደግሞ የኮርሱ ልብ እሱ ነው።

ከመርሐ ግብሩ ውስጥ አንዱን ብቻ ጠጋ ብለን እንየው። ሳንደርኮ “የአንድ ደቂቃ ቅይይር” የሚለው ልምምድ አለ። ሰዓት ለስልሳ ሰከንድ ይሞላል። ተማሪው ኤ ይይዛል፣ ክሮቹን አንድ ጊዜ ይመታል፣ ወደ ዲ ይሻገራል፣ ይመታል፣ ይመለሳል። እያንዳንዱን ሽግግር ይቆጥራል። ደቂቃው ሲያልቅ ቁጥሩን ይጽፋል። ነገም ያንኑ ይደግማል። ግቡ ስልሳ ነው፤ ወደሚቀጥለው ክፍል ለማለፍ ግን ሠላሳ ይበቃል። ዜማ የለው፣ ውበት የለው፤ ከጎን ለሚሰማ ሰው ጆሮ የሚያደክም ነገር ነው።

ግን የሚሠራው እሱ ነው። ጀማሪውን አንቆ የሚይዘው ኮርዱን መያዝ አይደለም፤ ጊዜ ከተሰጠው ማንም ጣቱን በየክሩ አሳርፎ መያዝ ይችላል። ችግሩ በሁለት ኮርዶች መሐል ያለችው ቅጽበት ናት። ዘፈኑ እዚያ ላይ ይቆማል፣ ምቱ እዚያ ላይ ይሰበራል፣ ተስፋም እዚያ ላይ ይቆረጣል። ሳንደርኮ ያችን ቅጽበት ከዘፈኑ ነጥሎ አወጣት፣ በቁጥር እንድትለካ አደረጋት፣ ከስልሳ ሰከንድ በላይ እንዳታሰለችም ወሰን አበጀላት። ትናንት አሥራ አራት የነበረ ዛሬ አሥራ ሰባት ሲሆን ተማሪው መሻሻሉን ከማንም አፍ መስማት አያስፈልገውም። መምህር በሌለበት ክፍል ውስጥ “ጎሽ” የሚለው ቁጥሩ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ሳንደርኮ በዚህ ልምምድ ወቅት ድምፁ ንጹሕ ባይሆንም አትጨነቁ ይላል፤ ዓላማው ፍጥነት ነው። ንጽሕናውን ለሌላ ልምምድ ይተወዋል። እዚያ ተማሪው ኮርዱን ይዞ ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ የታፈነውን ፈልጎ ያስተካክላል፣ እጁን ያነሣል፣ እንደገና ይይዛል። በወረቀት ላይ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። በተግባር ግን ቁጥር ያለው ልምምድ ቁጥር የሌለውን ይበላዋል። ሠላሳን ማለፍ ያጓጓል፤ ሁለተኛው ክር መታፈኑን ማጣራት አያጓጓም። ቁጥሩ ሲያድግ የሚደሰት ተማሪ በወሩ መጨረሻ ፈጣን ግን ድምፁ የታፈነ ኤ ኮርድ ይዞ ቢገኝ አይገርመኝም፤ የተጣመመ ልማድ ደግሞ እንደ ቀናው ሁሉ ይጸናል። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚቆጠረው ንጹሕ የወጣው ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ሳንደርኮም በኋላ ንጹሕና ፈጣን ቅይይር የሚባል ደረጃ ያመጣል፤ የሚመጣው ግን እጁ ከለመደ በኋላ ነው።

ይህ ጉድለት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ቪዲዮ አይሰማም። ስለ ልምምድ ሲወራ የሚጠቀሰው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የአንደርስ ኤሪክሰንና የባልደረቦቹ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ሲሆን፣ የተሠራው በርሊን ውስጥ በሚማሩ ቫዮሊን ተጫዋቾች ላይ ነው። በ2008 ማልኮም ግላድዌል በመጽሐፉ የሊቅነትን ዋጋ “አሥር ሺህ ሰዓት” ብሎ አራገበውና ሰው ሁሉ ሰዓቱን ብቻ ያዘ። ጥናቱ የሚለው ግን ሌላ ነው። እዚያ ልምምድ የተባለው ለተማሪው ድካም ታስቦ በመምህር የተዘጋጀ፣ ስሕተቱም ወዲያው የሚታረምበት ሥራ ነው። ሳንደርኮ የመጀመሪያውን ግማሽ በሚገባ ሰጥቷል። ሁለተኛውን ሊሰጥ አይችልም። የእጅ አንጓህ ሲታጠፍ፣ ትከሻህ ሲወጣ፣ አውራ ጣትህ አንገቱን አንቆ ሲይዝ ስክሪኑ ውስጥ ያለው ሰው ፈገግ እንዳለ ይቀጥላል።

የዚህ መድኃኒቱ እዚያው ኪስ ውስጥ ነው፤ ትምህርቱን የምናይበት ስልክ መቅረጫም አለው። ስንጫወት የምንሰማውና ተቀርጾ የምንሰማው አንድ አይደለም። እጅ በሥራ ሲጠመድ ጆሮ ይደነዝዛል። ግማሽ ደቂቃ ቀርጾ፣ ጊታሩን አስቀምጦ መስማት የመምህሩን ሩብ ሥራ ይሠራል። ምቱ የት እንደተንገዳገደ፣ የትኛው ክር እንደታፈነ ማንም ሳይነግረን እንሰማለን። ከየክፍሉ መርሐ ግብር ጋር በግድ መያያዝ የነበረበት ይኸው ነው።

ስለ ዩቲዩብም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ይኸው ኮርስ ድረ ገጹ ላይና ዩቲዩብ ላይ ሲታይ አንድ ሥራ አይመስልም። ድረ ገጹ ላይ ደረጃ አለ፣ ከትምህርቱ ሥር ጽሑፍ አለ፣ መርሐ ግብሩ አለ። ዩቲዩብ ላይ አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ራሱን ይከፍታል፤ ከጎን ደግሞ ሌላ መምህር “በአምስት ደቂቃ” ምንትስ እያለ ይጣራል። ተማሪው አምስት ትምህርት በአንድ ቁጭታ ያይና የተማረ ይመስለዋል፤ ሌላ ሰው ሲበላ አይቶ እንደ መጥገብ ነው። ለልምምድ የሚጠቅሙት የዩቲዩብ ነገሮች ሁለት ናቸው፤ የድምፁን ከፍታ ሳይለውጥ ፍጥነቱን መቀነሱ፣ እና አንዱን ቦታ መልሶ መላልሶ ማጫወቱ። ዳታ ለሚቆጥብ ደግሞ የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ብዙ ዝቅ ካለ ግን ጣቱ የትኛው ክር ላይ እንዳለ አይለይም፤ ያኔ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የኮርድ ሥዕል ወረቀት ላይ መገልበጥ ይሻላል።

አሁን ወደ እኛ ጆሮ እንምጣ፤ ይህን ኮርስ የሚከፍተው ሐበሻ ወጣት ሁሉ የእንግሊዝ ሮክ ለመጫወት የሚፈልግ አይደለምና።

ኮርሱ ከኮርድ ይጀምራል። ለብሪታንያና ለአሜሪካ ዘፈን ትክክለኛው በር ነው፤ ሦስት ኮርድ የያዘ ሰው እልፍ ዘፈን ማጀብ ይችላል። በእኛ ሙዚቃ ግን ጊታር ብዙ ጊዜ ዜማውን ይከተላል፣ ለዘፋኙ ይመልሳል፣ ክፍተቱን በሐረግ ይሞላል። ሰላም ስዩም በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰማ ሰው የሚገባው ነገር ነው። እንዲህ ያለውን ጊታር የወደደ ተማሪ አንደኛውን ደረጃ ጨርሶ እንኳ የሚያውቀውን ዘፈን መንካት ቢያቅተው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ደስ የሚለው፣ ከአንደኛው ደረጃ በኋላ የሚመጣው ማይነር ፔንታቶኒክ ስኬል ሳይታሰብ ወደ ቤታችን የሚያስገባ መሆኑ ነው። አምስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ድምፆቹ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ናቸው። ከኤ ተነሥቶ ኤ ላይ የሚያርፍ ሰው የባቲ ማይነርን ርቀቶች እየተጫወተ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዞ መነሻና ማረፊያውን ሲ ላይ ሲያደርግ ትዝታ ሜጀር ይሆናል። በአንድ የጣት አቀማመጥ ሁለት ቅኝት! ሳንደርኮ ይህን ሊነግረን አይጠበቅበትም፤ እሱ የሚያስተምረው ብሉዝ ነው። ትዝታ ማይነር ሲመጣ ግን ያ አቀማመጥ አያገለግልም፤ ከኤ ሲነሣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው፣ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ያለበት። አምባሰልና አንቺሆዬም የየራሳቸውን ሥራ ይጠይቃሉ፤ በጀማሪው ኮርስ ውስጥ ወደ እነሱ የሚያደርስ መንገድ የለም።

ምቱ ላይ ያለው ክፍተት ከዚህ የረቀቀ ነው። ሳንደርኮ ለቀኝ እጅ የሚሰጠው ሕግ፣ እጅ ክሩን ቢመታም ባይመታም ወደ ታችና ወደ ላይ መሄዱን አያቁም የሚል ነው። በአራት ቆጠራ ዘፈን ላይ ግሩም ሕግ ነው፤ ዋናው ምት ምንጊዜም ወደ ታች በሚወርደው እጅ ላይ ይወድቃል። ይህንኑ ይዘን በስድስት ወደሚቆጠረው ጭክችካ ስንሄድ ነገሩ ይገለበጣል። ስድስቱን ምቶች በታች-ላይ ብንቆጥራቸው የመጀመሪያው ጠንካራ ምት ወደ ታች፣ ሁለተኛው ጠንካራ ምት፣ ማለትም አራተኛው፣ ወደ ላይ ይወጣል። በአራት ቆጠራ የሠለጠነ እጅ ወደ ላይ ሲወጣ ስለሚሳሳ ጭክችካው ያነክሳል። ወይ ወደ ላይ የሚወጣውን ምት ማጠንከር፣ ወይ ደግሞ ታች-ላይ-ታች፣ ታች-ላይ-ታች ብሎ ሕጉን መስበር ያስፈልጋል። ሁለቱም ይቻላሉ፤ ሁለተኛው ለጀማሪ ይቀላል፣ ዘፈኑ ሲፈጥን ግን እጅ ያስራል።

ታዲያ ኮርሱን ልመክር? አዎ፣ አንደኛውን ደረጃ ሳይዘሉ፣ ከድረ ገጹ ላይ፣ ከነመርሐ ግብሩ። እንግሊዝኛው አያስቸግርም፤ ሰውየው ቀስ ብሎ ይናገራል፣ እጁም ግማሹን ይናገርለታል። ከዚያ በኋላ ባቲና ትዝታ የናፈቀው ሰው የሁለተኛውን ደረጃ ኤፍ ኮርድ ለጊዜው ተወት አድርጎ ወደ ፔንታቶኒኩ ቢሄድ፣ ጎን ለጎንም አንድ የሚወደውን ዜማ ከጆሮው እየለቀመ ቢጫወት አይጎዳም።

ከዚህ ሥራ ይበልጥ መማር ያለባቸው ግን መምህሮቻችን ይመስሉኛል። በአማርኛ የክራር፣ የኪቦርድና የጊታር ቪዲዮ የሚሠሩ ሰዎች ቁጥራቸው እየጨመረ ነው፤ ከመካከላቸውም እጃቸው የሚያስቀና አሉ። ያየኋቸው አብዛኞቹ ግን ዘፈኑን ይጫወቱታል፣ ቀስ አድርገው ይደግሙታል፣ “በዚህ መልኩ ተለማመዱት” ብለው ይሰናበታሉ። በየትኛው መልኩ? በድርደራ ክራር ላይ ለምሳሌ ግራ እጅ ክሮቹን አፍኖ ይይዝና የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል፤ የጀማሪው መከራም ልክ እንደ ጊታሩ ሽግግሩ ላይ ነው፤ አንዱን ጣት አንሥቶ ሌላውን ሲመልስ የማይፈለገው ክር አብሮ ይጮኻል። ሰዓቱን ለአንድ ደቂቃ ሞልቶ፣ ከአንደኛው ክር ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲሻገር ንጹሕ የወጣውን ብቻ ቆጥሮ ማታ ማታ የሚጽፍ ተማሪ ምን ያህል እንደሚራመድ መገመት አይከብድም። ለዚያ የሚሆን አንድ ገጽ መርሐ ግብር አዘጋጅቶ ከቪዲዮው ሥር የሚለጥፍ የክራር መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም።